በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት የጣሳ ባቡር

ባለፈው ሳምንት የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ ይዤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወደሚገኝ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ከበሩ ጀምሮ የቀለጠ እርሳስና የአሲድ ሽታ አለው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ይህ ሽታ እኔን ሁልጊዜ ያቆመኛል። ከእኔ የቀደመ አንድ ጎልማሳ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ሁለት የመጫወቻ ባቡሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። የአንደኛው አፍንጫ ተጨፍልቋል።

«ሻጩ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ ብሎ ነው የሸጠልኝ» ይላል ጎልማሳው። «ይኸው በመጀመሪያው ቀን ተጋጩ።»

«ጌታው፣ አንዱን ያንሱት» አለ ቆርቆሮ ሠሪው ራሱን ቀና ሳያደርግ። «ሐዲዱ አንድ ከሆነ ባቡሩም አንድ ነው።»

«ሁለቱም ይሄዳሉ» አልኩ ሳልጠየቅ።

ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። «አባባ፣ የባቡር ሰው ነበሩ እንዴ?» አለኝ ጎልማሳው።

«አልነበርኩም። ፈተናውን ወድቄያለሁ።»

ሳቁ። እኔ ግን እውነቱን ነበር የተናገርኩት። ለዚያ ሰው ቆሜ ያስረዳሁት ነገር እኔም በወጣትነቴ፣ ጣልያን ከተማውን በያዘ ጊዜ፣ ሊደታ ውስጥ ከአንድ የተሰነጠቀ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ የተማርኩት ነው። ዓመቱን በእርግጠኝነት አልጽፍም፤ ያኔ ማስታወሻ የመያዝ ልማድ አልነበረኝም። ክረምቱ እንደወጣ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ጫማዬን ላለማበላሸት በእጄ ይዤ ወደ ሥራ እሄድ ነበርና።

የምንኖረው ከሊደታ ማርያም ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አምስት ቤት በተጋራው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ዛሬ ቦታውን ፈልጌ ባገኘውም የማውቀው ነገር የለበትም፤ አጥሩም፣ የግቢው ዋርካም የሉም። ያኔ ገበያው ሁሉ በጣልያን ገንዘብ፣ በሊሬ፣ ሆኖ ነበር። አንድ ጣሳ ሳልሳ ሁለት ሊሬ፣ አራት እንቁላል አንድ ሊሬ ስንገዛ ትዝ ይለኛል፤ ነጋዴው ግን ጠገራ ብር ላሳየው ሰው ከጓዳው የተሻለውን ያወጣ ነበር። ወንዱ ከወታደር የወጣ ካኪ ጨርቅ እየገዛ ተፈሪ ሱሪ ያሰፋል። ቀለሙ ያስጠላው ደግሞ በጥቁር አስነክሮ ይለብሰዋል፤ ዝናብ ሲመታው ጥቁሩ እግሩ ላይ ይወርዳል። ሰንጋ ተራ አንድ የጣልያን መጠጥ ቤት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ሸክላ ብቻ ያጫውታል። ሸክላዋ አንድ ቦታ ላይ ተጭራ ስለነበር ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ ይንተባተባል። የሰፈሩ ልብስ አጣቢዎች ቃሉን ባያውቁትም ዜማውን ይዘውት ነበር፤ ከነመንተባተቡ ያንጎራጉሩታል።

በግቢያችን ከእኔ ቤት ቀጥሎ ጋሽ ሰይድ ይኖሩ ነበር። ከወሎ የመጡ ኮርቻ ሠሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ ደፍኗል፤ ሚስታቸው እትዬ ዘይነብና ሦስት ልጆች አሏቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለሰው ሁሉ መንገድ የሚለቁ፣ በር ላይ ከደረሱ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ አሳልፈው መጨረሻ የሚገቡ ሰው ነበሩ። መኪና ሲበዛ በቅሎ አነሰ፤ በቅሎ ሲያንስ ኮርቻ የሚያሠራ ጠፋ። ያን ጊዜ ሥራ የሌለው ወንድ ለመንገድ ሥራ በካሚዮን ተጭኖ ወደ ቆላ ይወሰድ ነበር። ከዚያ የተመለሱትን አይቻለሁ፤ የብዙዎቹ ጥርስ ረግፎ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ያልተመለሱትንም በስም አውቃለሁ። የሰፈሩ ሹም የጋሽ ሰይድን ስም መዝግቦ ቀኑን ነገራቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ።

ከዚህ የሚያድን አንድ ነገር ቢኖር የሥራ ወረቀት ነው። እኔ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ስለነበርኩ ወረቀት ነበረኝ። በዚያው ሰሞን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪዎች፣ ባቡርን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሳልፉ ሰዎች፣ ሊቀጠሩ ነው ተባለ። ይህን ወሬ ያመጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ከግቢው ጥግ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ባቡር ጣቢያ በሐዲድ ቀያሪነት የጨረሱ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ምላሳቸው ግን አልደከመም። ፈተናው በጥንድ እንደሚሰጥ፣ አንዱ ተፈታኝ ብቻውን ቢሄድ እንደማይቀበሉት የነገሩን እሳቸው ናቸው። የጋሽ ሰይድ ጥንድ ሊሆን የነበረው የአክስታቸው ልጅ ደሴ ሄዶ ቀረ። ስለዚህ እኔ ገባሁ። ሥራውን አልፈልገውም ነበር። የምፈልገው ጋሽ ሰይድ ከዚያ ካሚዮን እንዲቀሩ ነው።

ጋሽ ወልዴ መማሪያ ሠሩልን። ሁለቱን ባቡር ከሳልሳ ጣሳ ቆርጠው በየዱት፤ ያ ሽታ በልብሴ ሁሉ ገብቶ ነበር። ጎማቸው የክር ጥቅል እንጨት ነው። ሞላው ከተሰበረ የጠረጴዛ ሰዓት ወጣ፤ በቁልፍ ሲጠመዘዝ ይጠብቃል፣ ሲለቀቅ ባቡሩን ይነዳል። ሐዲዱን የዕቃ ሳጥን ከሚታሰርበት ቀጭን ብረት አበጁት፤ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ ከተነሣበት ቦታ ይገናኛል። እዚያ ላይ ብቻ ለሁለት ይከፈልና ሁለት መቆሚያ ይሆናል። ይህ ጣቢያችን ነው። አንዱ ባቡር ከጣቢያው በቀኝ ይወጣል፣ ሌላው በግራ። በእያንዳንዱ ባቡር ፊት አንድ የእንጨት ችካል አለ፤ ችካሏን ይዘህ እስካለህ ባቡሩ ይቆማል፣ ከለቀቅካት ይሄዳል።

ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ለጎልማሳው ያልኩት ይህንኑ ነው። ጀማሪ መጀመሪያ አንዱን ባቡር ብቻ ያስኪድ። ስንት ጊዜ ሲጠመዘዝ አንድ ዙር እንደሚጨርስ ይቁጠር፤ የእኔ ባቡር አሥራ አምስት ይፈልግ ነበር፣ የጋሽ ሰይድ አሥራ ሁለት። ሁለተኛውን የሚያመጣው ይህን በደንብ ካወቀ በኋላ ነው። ሁለት ሞላ እኩል አይሮጥም፤ ስለዚህ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለቆ በፍጥነታቸው መተማመን አይቻልም። አንዱ ሲዞር ሌላው መቆሚያው ላይ ይጠብቅ። የሄደው ሲመለስ የቆመው ይሂድ። ነገሩ ይኸው ነው። ጎልማሳው «ይኼማ ቀላል ነው» አለኝ። እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደዚሁ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛውን ዋርካው ሥር አውጥተው ጋሽ ሰይድና እኔን ጎን ለጎን አስቀመጡን።

«በሉ፣ አንዳችሁ ሂዱ» አሉ።

«ጋሽ ሰይድ ይቅደሙ» አልኩ።

«ኧረ በአላህ! አንተ ቅደም ልጄ፤ ከሥራ ደክመህ ነው የመጣኸው።»

«እንዴት ተደርጎ፣ እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ ቅደም!»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ!»

ጋሽ ወልዴ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያሉ።  ከዚያ እኔ «እሺ፣ ካሉ» ብዬ ችካሌን ለቀቅኩ፤ ጋሽ ሰይድም በዚያችው ቅጽበት «እሺ፣ ካልክ» ብለው የራሳቸውን ለቀቁ። ባቡሮቹ ከወዲያ ማዶ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኙ። አንዱ ፉርጎ ከጠረጴዛው ወድቆ ዶሮዎቹ መሐል ገባ።

«ምንድነው ይኼ? ሰርግ ቤት ነው?» ብለው ጮኹ ጋሽ ወልዴ። «ባቡር ሽማግሌ አያውቅም! ባቡር እንግዳ አያውቅም! ሰባ ሰው ጭነህ ‹እርስዎ ይቅደሙ› እያልክ ገደል ልትከታቸው ነው?»

በማግስቱም ያው ሆነ፤ ከማግስቱ ወዲያም። አውቀን አልነበረም። እኔ ከአባቴ ዕድሜ ሰው መቅደም እጄን ያስረዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሰውን አስቀምጦ መሄድ በዕድሜያቸው አያውቁም። አንዳንዴ ሁለታችንም እየጠበቅን ፀሐይ ትጠልቃለች። እትዬ ዘይነብ ከደጃቸው ሆነው፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነው የምትለማመዱት? ሰኞ ላይ ለካሚዮኑም ‹ቅደም› ሊሉት ነው እንግዲህ» ይሉ ነበር። ይስቃሉ፤ ግን ወዲያው ፊታቸውን ያዞራሉ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ወልዴ ከአሮጌ ፕሪመስ ምድጃ ላይ የፈቱትን የመዳብ ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ። እውነተኛው ባቡርም የሚሄደው እንደዚህ ነው አሉን፤ አንድ ሐዲድ ባለበት መንገድ ለመንገዱ አንድ ምልክት ብቻ ይኖረዋል፤ ምልክቱ በእጁ የሌለ ባቡር ከጣቢያ አይነቃነቅም። «ይኼን የያዘ ይሄዳል። ያልያዘ ይቀመጣል። ማንም ይምጣ፣ ማን» አሉ፤ ቀጥሎም ወደ አጥሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ፤ «የፈለገው ኮከብ ትከሻው ላይ ይደርደር።»

ደስ አለን። ግን ሰዓት ሳይሞላ ቀለበቱንም መገባበዝ ጀመርን። «ይያዙት» እላለሁ። «ኧረ አንተው ዘንድ ይሁን» ይላሉ። ጋሽ ወልዴ ቆባቸውን አውልቀው መሬት ላይ መቱት። ከዚያ ከሁለቱም ባቡር ጭስ ማውጫ ላይ ትንሽ ሜንጦ፣ ቀለበቱ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ፣ በየዱበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀለበቱን ከሰው እጅ መቀበል ክልክል ሆነ፤ ቀለበቱ በባቡሩ ይሄዳል፣ በባቡሩ ይመጣል። የመጣልህን ባቡር አስቁመህ፣ ቀለበቱን ፈትተህ፣ በራስህ ሜንጦ ላይ ሰቅለህ ትሄዳለህ። መለማመጥ የሚቻልበት ቀዳዳ ተደፈነ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰሙ ትልቅ ሸክም የወረደላቸው ይመስሉ ነበር። «እንዲህ ከሆነማ እኔ አይደለሁም የማስጠብቀው፤ ቀለበቱ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ቆዳ የሚሰፋ ሰው ትዕግሥት ነበራቸው፤ ሞላውን ሲጠመዝዙ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይቆጥራሉ፤ አሥራ ሁለት ሳይሞላ እጃቸው አይነሣም።

ፈተናው ቅዳሜ ነበር። ጋሽ ሰይድ ያላቸውን ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ እኔ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ኮት ደርቤ፣ በእግር ወደ ለገሃር ወረድን። መጋዘን ውስጥ አስገቡን። ጠረጴዛው የጋሽ ወልዴን ይመስላል፤ ሐዲዱ ግን እውነተኛ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ባቡሮቹም በቀይና በጥቁር የተቀቡ ናቸው። ከእኛ ጠረጴዛ የሚለየው አንድ ነገር ነበር። ከወዲያ ማዶ ሐዲዱ ላይ ተራራ ተብሎ የተቀባ የእንጨት ሳጥን ተደፍቷል፤ ባቡሩ በአንድ በኩል ይገባበትና በሌላው ይወጣል። ፈታኙ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ጣልያናዊ ነው። ከአስመራ የመጣ ወጣት አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሟል። ከእኛ በፊት የገቡት ጥንዶች ሁለቱንም ባቡር ባንድ ጊዜ ለቀው ተሰናበቱ። የመዳብ ቀለበት እዚያም ነበር፣ በባቡሮቹም ላይ መስቀያ ሜንጦ ነበረ፤ ጋሽ ወልዴ አልዋሹንም።

ሦስት ዙር ያለ ስህተት መመላለስ ነበረብን። የመጀመሪያው አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነኝ። ቀለበቱን በባቡሬ ሜንጦ ላይ ሰቀልኩ። አስቀድሜ እንደሞከርኩት ያ ባቡርም አሥራ አምስት ጥምዘዛ ይፈልግ ነበር። ዘጠኝ ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ፤ ደረቱን በኒሻን የሞላ አንድ መኮንን ሁለት ሰው አስከትሎ ገባ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ብድግ አለ። እኔም ብድግ አልኩ። ሳላስብ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲገባ መነሣት ከእግሬ ጋር የተወለደ ነገር ነበር፣ በዚያ ላይ ፍርሃት አለ። እጄ ከችካሏ ተነሣ። ባቡሬ በዘጠኝ ጥምዘዛ ብቻ ወጣና ሄደ፤ ተራራው ውስጥ ገባ። አልወጣም።

መኮንኑ ይህን አላየም። እሱ የሚያየው ባዶ ሐዲድና አንድ የቆመ ባቡር ነው። ደስ ብሎት በዱላው ወደ ጋሽ ሰይድ ጠቆመና «አቫንቲ!» አለ። ዞር ብዬ ሳይ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የተቀመጡት ጋሽ ሰይድ ብቻ ናቸው።

«ሂድ ይሉሃል» አለ አስተርጓሚው።

«ቀለበቱ አልመጣም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ሐዲዱ ባዶ ነው ይላሉ። አታይም?»

«አያለሁ። ቀለበቱ ግን አልመጣም።»

መኮንኑ ፊቱ ቀላ። ዱላውን ጠረጴዛው ላይ መታ፤ ቀዩ ባቡር ዘለል ብሎ ተመለሰ። ጮክ ብሎ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው አላስተረጎመውም፤ ጎንበስ ብሎ በጋሽ ሰይድ ጆሮ፣ «አባቴ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ይልቀቁት! መጫወቻ እኮ ነው!» አላቸው።

«መጫወቻ ከሆነማ ለምን ይቆጣሉ?» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ ድምፃቸው እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነው። በአንገታቸው ላይ ላብ ሲወርድ አያለሁ። ጣታቸው ችካሏ ላይ ነው። እኔ መናገር ነበረብኝ፤ ባቡሬ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከመኮንኑ ዱላ ሳልነቅል ቆሜ ቀረሁ። ይህን ደብቄ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን የሆነው እንዲያ ነው።

ፈታኙ በጠረጴዛው ዞሮ ሄደና ሳጥኑን አነሣ። ጥቁሩ ባቡሬ ሐዲዱ ላይ ቆሟል፤ ቀለበቱ ከነሜንጦው ያበራል። ፈታኙ ባቡሬን አየ፣ የጋሽ ሰይድን ባቡር አየ፣ ከዚያ መኮንኑን አየ። መኮንኑ የሆነ ነገር አለ፤ ወዲያው ተከታዮቹን ይዞ ወጣ። ምን እንዳለ አስተርጓሚውን ብጠይቀውም ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ስለዚህ አላውቅም። ፈታኙ እርሳሱን አውጥቶ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ «የተነሣው ይሂድ» አለ። ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሮ ደግሞ፣ «የተቀመጡት ሰኞ ጠዋት ይምጡ፤ ወረቀት ይሰጥዎታል» አላቸው። ‹አንተ› ማለቱን መቼ እንደተወ አላስተዋልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰንጋ ተራ ደረስን። ከዚያ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ላጠፋዎት ነበር» አልኳቸው።

«ምን አጠፋህ? ትልቅ ሰው ገባ፣ ተነሣህ።»

«እርስዎስ እንዴት ሳይነሡ ቀሩ?»

«ጉልበቴማ ሊነሣ ፈልጎ ነበር» ብለው ሳቁ። «እጄ ግን ችካሏ ላይ ነው። እኔ ብነሣ ባቡሩ ይሄዳል። አንተ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነህ።» ያሉት እንዲህ ነው፤ ‹ባቡርህ› አላሉም፣ ‹አንተ› ነው ያሉት።

እኔ በኋላ ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ብዙ ጊዜ አለቆቼ «መንገዱ ባዶ ነው፣ ልቀቀው» ብለውኛል። አንዳንዴ ለቅቄያለሁ፣ ተጋጭቻለሁም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሰማሁት ነገር ማረጋገጫ እጄ እስኪገባ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። ይህን ከማንኛውም አለቃ አልተማርኩትም።

ሰኞ ጠዋት የቸገረው ነገር ይህ ነበር። ወረቀቱ ለገሃር ነው፤ ካሚዮኑ ደግሞ ሊደታ። ጋሽ ሰይድ ገና ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ካሚዮኑ ከእሳቸው ቀድሞ ደረሰና ከግቢያችን በላይ ቆመ፤ ላዩ ላይ ከየሰፈሩ የተሰበሰቡ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሹሙ መዝገቡን ይዞ ገባ።

«ሰይድ የት አለ?»

«ሥራ ሄዷል» አሉ እትዬ ዘይነብ ቀጥ ብለው ቆመው።

«የምን ሥራ? ወረቀቱስ?»

«ሊያመጣው ነው የሄደው።»

«ሲያመጣው አያለሁ» አለና ሹሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ወልዴም ወንበራቸውን አምጥተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና ስለ ባቡር ያወሩለት ጀመር። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ድልድዩ፣ ሌሊት ሐዲድ ላይ ስለተኛው ጅብ፤ ሰውየው አንድ ጊዜ መዝገቡን ሊዘጋ፣ አንድ ጊዜ ሊነሣ ሲል «ቆይማ፣ ጥሩው ገና ነው» እያሉ ያስቀምጡታል። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሁለተኛ ነፋ። እኔ ሥራ ረፍዶብኝ ቆሜያለሁ።

ጋሽ ሰይድ ከመንገዱ ታች ብቅ አሉ። አልሮጡም፤ ግን እንደዚያ በፍጥነት ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ከለገሃር ተሰጥቷቸው የለበሱት የካኪ ኮት ለሁለት ሰው ይበቃል፣ እጅጌው ተጠቅልሏል። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ለሹሙ ሰጡ። ሹሙ ማኅተሙን አየ፣ በፀሐይ አየው፣ እርሳሱን ምላሱ ላይ አስነክቶ አንድ መስመር ሰረዘ።

 እትዬ ዘይነብ ቤት ገብተው አንድ አፉ የተሰፋ ከረጢት ተሸክመው ወጡ። ለባላቸው መንገድ ያዘጋጁት የገብስ በሶ ነው፤ እንዳዘጋጁት ከልጆቻቸው በቀር ማንም አላወቀም ነበር። ስፌቱን በጥርሳቸው በጠሱት። ግማሹን በነጠላቸው ቋጥረው ወደ ካሚዮኑ ሄዱና እጃቸው ለደረሰው ሰው አቀበሉት፤ ያም ሰው ዞሮ ለጓደኞቹ አሳያቸው። ካሚዮኑ ሄደ። የቀረውን በሶ ትልቅ ገበቴ ላይ በስኳርና በውኃ በጥብጠው ግቢውን ሁሉ ጠሩ። ሹሙም ሳይጠራ ጠጣ። ጋሽ ሰይድ ቆመው አንድ ጣሳ ጨረሱ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ወደ ሥራቸው ሄዱ።